በድልድዩ አፍ ያለው ቀለበት

አንድ የከባድ ሸክም አለቃ ነበር፤ ስሙም ሽባባው። በአገሩ የወፍጮ ድንጋይ ከተራራ የሚያወርድ፣ የአዳራሽ ምሰሶ የሚያቆም፣ ሃምሳ ሰው ያቃተውን ግንድ በገመድና በብልሃት የሚያነሣ እሱ ነበር። "ሽባባው የቋጠረውን ከራሱ ከሽባባው በቀር የሚፈታው የለም" ይባልለታል። ይህን ወሬ ከሁሉ አብልጦ የሚያወራው ራሱ ሽባባው ነው፤ ቢሆንም ውሸት አልነበረም። ቋጠሮ ባየ ቁጥር ጎተት አድርጎ ይሞክራል። የሰው መቀነት እንኳ ላላ ብሎ ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ ባለቤቱን አስቁሞ ያጠብቅለታል። "የላላ ያስጥላል፣ የጠበቀ ያኖራል" የዘወትር ቃሉ ነበረች።

የሽባባውን አገር አንድ ወንዝ ለሁለት ከፍሎታል። በበጋ ፍየል የሚሻገረው ይኸው ወንዝ ክረምት ሲገባ ሰው ይበላል። የሽባባውን አባት የበላው እሱ ነው። እናቱ እማማ የሻረግ የሚኖሩት ማዶ ስለሆነ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም እናትና ልጆች ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ከሩቅ ከመተያየት በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም። ቢጣሩም ውሃው ስለሚጮህ አይሰማሙም። ስለዚህ የአገሩ ገዢ በወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜ፣ ሽባባው ማንም ሳይጠይቀው "ሸክሙ የኔ ነው" ብሎ ቀረበ። ታናሽ ወንድሙ አምባውም አብሮት ገባ። እናታቸው ይህን ሲሰሙ ከማዶ ሰው ላኩ። "ወንዙ አንዱን ወስዶብኛል። አምባውን አደራ፤ በምድርም በሰማይም አደራ" አሉ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በገደሉ አፋፍ ላይ ከወፋፍራም የወይራ ግንድ ማማ ቆመ። በማማው አናት መዘውር ተሰቀለ፤ በመዘውሩ ላይ ከጠፍር የተጎነጎነ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ገመድ አለፈ። በገመዱ አንድ ጫፍ ሃያ ጎታቾች አሉ፤ በሌላው ጫፍ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ሥር በሬ የሚያህል ጥርብ ድንጋይ። ሽባባው ገመዱን ከመንጠቆው ጋር የሚያስረው በገዛ እጁ ነው። ጠፍሩን ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል፤ እርጥብ እንዳለ በመንጠቆው አንገት ላይ ይቋጥረዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያውለዋል። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራልና ገመዱና መንጠቆው አንድ አካል ሆነው ቁጭ ይላሉ። "ባልና ሚስት አደረግኋቸው" ይላል ደስ ብሎት።

ችግሩ ነፋሱ ነበር። ድንጋዩ አየር ላይ ሲንጠለጠል ከገደሉ ሥር የሚነሣው ነፋስ ወዲያ ያዞረዋል። መንጠቆው ከገመዱ ጋር አንድ አካል ነውና ገመዱም አብሮ ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ ጉብጉብ እስኪል። ነፋሱ ቆም ሲል ደግሞ የተጠመዘዘው ሁሉ ተገላብጦ ይፈታና ድንጋዩ ወዲህ ይሽከረከራል። ሽባባው ለዚህ መላ የሚለው በድንጋዩ ላይ መምሪያ ገመድ አስሮ፣ ያንን ገመድ ለአምባው አስይዞ፣ "እንዳይዞር አድርገህ ያዘው!" ማለት ነበር። "በእጅህ ብቻ አትያዝ፤ በክንድህ ላይ ጠምጥመው" ብሎ ያስተማረውም እሱ ነው። ትልቁ ገመድ በየሦስት ሳምንቱ እየተላላጠ ይጣላል። ሽባባው ታዲያ የሚወቅሰው ቆዳ ፋቂዎቹን ነበር። "ዘንድሮ ሰው ሁሉ ቆዳ መፋቅ ረሳ!" እያለ ያማርራል። ፋቂዎቹ እንደ ዱሮው እየፋቁ ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም።

ከማማው በታች፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣ ዘለቀ የሚባል ቀጥቃጭ ወናፉን ተክሎ ይሠራል። በዚያ አገር እንደነበረው ክፉ ልማድ ቀጥቃጭ ከሰው ተነጥሎ ነው የሚኖር። ከእጁ ዕቃ አይቀበሉትም፤ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ያነሣሉ። ከሱ ጋር ማዕድ አይቆርሱም። ዘለቀ ያልሳለው መሮ ድንጋይ አልጠረበም፤ ዘለቀ ያልቀጠቀጠው ድጅኖ ጉድጓድ አልቆፈረም። ምሳ ሲቀርብ ግን ዘለቀ ብቻውን ነው። ብረቱን እየወደድን ሠሪውን መጠየፍ፣ መቼም የሰው ልጅ ጉዱ ብዙ ነው።

ሽባባው በቅሎውን የሚያስራት ከዚያች ግራር አጠገብ፣ ካስማ ተክሎ ነበር። በቅሎዋ አንድ አመል ነበራት፤ ሣር ስትግጥ ካስማውን እየዞረች ማሰሪያዋን ትጠመዝዘዋለች። ገመዱ እየተጠመዘዘ ያጥርና በመጨረሻ አንገቷ ካስማው ጋር ተጣብቆ፣ ዓይኗ ፈጦ ትገኛለች። ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ አውጥቷታል። ከፋሲካ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ነገር ቀረ። ሽባባው በዚህ ተደስቶ ለጎታቾቹ "በቅሎዬ ልብ ገዛች" ሲል ነግሯቸዋል። ለምን ልብ እንደገዛች አልመረመረም። ደግ ነገር ሲደረግልን ምንጩን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ሰኔ እንደ ገባ፣ አንድ ቀን ዘለቀ ወደ ማማው ወጣ። በእጁ አንድ ብረት ይዟል። ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ የበላይ፣ አንዱ የበታች። የታችኛው ቀለበት አጭር አንገት አለው፤ አንገቱ በላይኛው ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ አልፎ ጫፉ እንዳይወጣ በመዶሻ ተደፍጥጧል። አይወጣም፤ ግን ይዞራል።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ሠርቼ ነበር፤ ቢያዩልኝ" አለ።

ሽባባው እጁን አልዘረጋም። "እዚያው መሬት ላይ አስቀምጠው" አለና ጎንበስ ብሎ አየው። "ምንድን ነው?"

"በገመዱና በመንጠቆው መሀል የሚገባ ነው። ነፋሱ ድንጋዩን ሲያዞረው የታችኛው ቀለበት አብሮ ይዞራል፤ ገመዱ ግን ባለበት ይቆማል፤ አይጠመዘዝም።"

"እኔ እንዳይዞር ሰው አስጨንቃለሁ፣ አንተ እንዲዞር ብረት ትቀጠቅጥልኛለህ?"

"ድንጋዩማ መዞሩን አይተውም፣ አለቃ። የሚዞርበት ቦታ ካልሰጡት በገመዱ ላይ ነው የሚወጣው።"

"ከዚህ በፊት በምን ላይ ሞከርከው?"

"በበቅሎ ላይ።"

ሽባባው ሳቀ፤ ጎታቾቹም አለቃቸው ሲስቅ ሳቁ። "ሰምታችኋል? ድንጋይና በቅሎ አንድ አደረጋቸው እኮ! በል ወደ መሮህ፤ የላላ ያስጥላል።" የማን በቅሎ እንደሆነች ግን አልጠየቀም። ዘለቀም አልነገረውም። ብረቱን ከመሬት አነሣና ወረደ።

ሰኔ ተጋመሰ። የድልድዩ ቅስት ከሁለት በኩል መጥቶ ሊገናኝ የቀረው የአንድ ድንጋይ ቦታ ብቻ ነው። ያ የመዝጊያው ድንጋይ ከሁሉ ይከብዳል። ካልገባ ቅስቱ በራሱ አይቆምም፤ ከሥሩ ያለው የእንጨት ድጋፍ ነው የተሸከመው። ጎርፉ ቀድሞ ከመጣ እንጨቱን ጠርጎ ይወስዳል፤ ያኔ የሁለት ዓመት ድካም ወንዝ ገባ ማለት ነው። ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሽባባው ቸኮለ። ጠዋት የአምባውን መቀነት ላላ ብሎ አየና አስቁሞ፣ እንደ ልማዱ፣ እስኪያቃስት ድረስ አጠበቀለት። ከዚያ "ጎትቱ!" አለ።

ድንጋዩ ተነሣ። ነፋሱም ተነሣ። ገመዱ ተጠመዘዘ፣ ተጠመዘዘ፣ ጉብጉብ አለ። አምባው መምሪያውን በክንዱ ጠምጥሞ በተረከዙ እየተቆናጠጠ ያዘ። ድንገት ነፋሱ ቆመ። የተጠመዘዘው ሁሉ ባንዴ ተፈታና ድንጋዩ እንደ እንዝርት ተሽከረከረ፤ መምሪያውንም በራሱ ላይ ጠቀለለው። አምባው ክንዱን ሊያወጣ አልቻለም። ገመዱ በደረቱ አስተኝቶ እየጎተተ ወደ አፋፉ ወሰደው። ሽባባው ጮኸ፤ ነገር ግን ርቆ ነበር።

ዘለቀ በዚያች ሰዓት የተሳለ መጥረቢያ ሊያደርስ ዳገቱን እየወጣ ነበር። አንድ ጊዜ አየና ሮጠ። መምሪያውን ባንድ ምት ቆረጠው። የአምባው ግማሽ አካል ግን ከአፋፉ አልፏል፤ መንሸራተት ጀመረ። ዘለቀ መጥረቢያውን ጥሎ በደረቱ ተኛና የአምባውን መቀነት ጨበጠ። መቀነቱ አልተፈታም። ሰዎች ደርሰው ሁለቱንም እስኪስቧቸው ድረስ ያንን መቀነት አልለቀቀም።

ጎታቾቹ ድንጋዩን እንደ ምንም መሬት አወረዱት። የአምባው ትከሻ ወልቋል፤ ወጌሻ መጥቶ መለሰለት። ነፍሱ ግን ተርፋለች። ሽባባው ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ። ቀና ሲል ዘለቀ ቆሟል። ሽባባው አንድ ነገር ሊለው ፈለገ። ሰውዬውን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ "እንዴት አደርክ" ብሎት አያውቅም፤ ምስጋናውን ከየት ጀምሮ ያውጣው? ዘለቀ መጥረቢያውን አንሥቶ፣ የቁጣም የኩራትም ነገር ሳይታይበት፣ ወደ ግራሩ ወረደ።

ወደ አመሻሹ ሽባባው ወንድሙን አሳፍሮ ሊወስድ በቅሎዋ ዘንድ ሄደ። በቅሎዋ ካስማውን እየዞረች ትግጣለች። ቆሞ አያት። አንዴ ዞረች፤ ሁለቴ ዞረች፤ አምስቴ ዞረች። ማሰሪያዋ አልተጠመዘዘም። ጎንበስ ብሎ ካስማውን ሲያይ፣ በካስማውና በገመዱ መሀል ያን የመሰለ ብረት አለ። ሁለት ቀለበት፣ አንዱ የበላይ፣ አንዱ የበታች። ሽባባው ክው አለ። በቅሎዋ ልብ አልገዛችም፤ ልብ ያለው ሌላ ሰው ነበር።

ወደ ወናፉ ሄዶ ቆመ። "በቅሎዋ የኔ ነበረች" አለ።

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳትታነቅ ነው እንጂ እንዲነገርልኝ አልሠራሁት" አለ ዘለቀ፣ ጉጠቱን እያስቀመጠ።

ሽባባው መሬት መሬት አየ። ከዚያ "አያ ዘለቀ" አለው። ቀጥቃጩን በዚያ ሥራ ቦታ አያ ያለው ሰው አልነበረምና ዘለቀ ቀና ብሎ አየው። "አያ ዘለቀ፣ ወንድሜን ሰጥተኸኛል። የእናቴን አደራ ከመብላት አድነኸኛል። እኔ ግን ስቄብህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

"እግዜር ይቅር ይበለን፣ አለቃ። መቀነቱንም እኮ ያጠበቁት እርስዎ ነዎት። ላላ ብሎ ቢሆን በእጄ ላይ መቀነት ብቻ ነበር የሚቀረው።" ይህን ሲሰማ ሽባባው እንደገና እንባው መጣ።

"እንግዲያው ያን ቀለበት ስጠኝ፤ ነገ ጠዋት ድንጋዩን እናንሣ። ሰማዩን ታየው የለም!"

አሁን ደግሞ እንቢ ያለው ዘለቀ ነው። "ይሄ የሚችለው በቅሎን ነው። ለዚያ ድንጋይ አንገቱ የወፈረ፣ ብረቱ በደንብ የበሰለ ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ይስጡኝ።"

"ሦስት ቀን! ጎርፉ ቢቀድመንስ?"

"ቢቀድመን የሚሄደው ድንጋይ ነው። ብንቸኩል የሚሄደው ሰው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አለቃ።"

 ሽባባው ኩታውን አጣፍቶ ወናፉ ሥር ተቀመጠ። "እሺ፤ እኔ ላናፋልህ።" ሦስቱን ቀን አለቃው የቀጥቃጩን ወናፍ ሲነፋ ዋለ። ጎታቾቹ ከላይ ሆነው ተንሾካሾኩ፤ አንዳንዱም "አለቃ ምን ነካው?" አለ። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ምሳ ሲመጣ ከዘለቀ ጋር ካንድ ገበታ በላ። የመጀመሪያውን ቀን ዘለቀ እጁን ወደ ገበታው ለመስደድ አመነታ፤ በሁለተኛው ቀን ቀልድ ጀመረ። ለካ ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ኖሯል፤ ሽባባው ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንዳመለጠው ገባው።

በአራተኛው ቀን ቀለበቱን ሞራ ቀብተው ሰቀሉት። ዘለቀ ግን አሁንም ወደ ገደሉ አላስኬዳቸውም። መጀመሪያ ከመዝጊያው የሚበልጥ ድንጋይ አስመረጠና፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አስነሥቶ፣ ማንም ወደ ሥሩ እንዳይቀርብ አድርጎ፣ ግማሽ ቀን አቆየው። ከዚያ ወርዶ ቀለበቱን ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ። አልተሰነጠቀም፤ አልተሳበም። "አሁን ይሁን" አለ።

መምሪያውን የያዘው ሽባባው ራሱ ነበር። በክንዱ አልጠመጠመውም፤ በመዳፉ ብቻ ያዘው፣ ቢያስፈልግ እንዲለቅ። ድንጋዩ ተነሣ። ነፋሱም እንደ ልማዱ ተነሣ። ድንጋዩ ዞረ፤ ቀለበቱ አብሮት ዞረ፤ በላይ ያለው ገመድ ግን እንደተወጠረ ክራር ጅማት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽባባው መምሪያው በመዳፉ ላይ እስኪታገለው ድረስ ጠበቀ። ምንም አልታገለውም። በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርገው ያ በሬ የሚያህል ድንጋይ እሺ ብሎ ፊቱን መለሰ። ቅስቱ መሀል ደረሰ፣ ወረደ፣ ገባ። ሽባባው "ተመስገን!" አለ፤ ቀጥሎም ወደ ኋላው ዞሮ "አያ ዘለቀ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" ብሎ ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸ። ጎርፉ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። የእንጨቱን ድጋፍ እንዳለ ጠርጎ ወሰደው። ድልድዩ ግን ቆሞ ቀረ።

በሐምሌ፣ ውሃው ከሥር እያጓራ፣ ከማዶ መጀመሪያ የተሻገሩት እማማ የሻረግ ነበሩ። አገልግላቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በትራቸውን እያንኳኩ መጡ። አምባውን ዳሰሱት፤ ሽባባውን ሳሙት። ወሬው አስቀድሞ ደርሷቸው ነበርና ቀና ብለው "ልጄን ያተረፈው የትኛው ነው?" አሉ።

ሽባባው አሳያቸው። ዘለቀ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ። "እማማ፣ እጄ ጥላሸት ነው" አለ።

"የልጄን መቀነት የጨበጠው የትኛው እጅህ ነው?"

ዘለቀ ሳይወድ በግዱ ቀኙን ዘረጋ። እማማ የሻረግ ያን እጅ፣ ሽባባው አንድ ቀን ብረት ሊቀበለው ያልወደደውን እጅ፣ በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፉን ሳሙት፤ ገልብጠውም ሳሙት። ጥላሸቱ ከንፈራቸውን ነካው። "ልጄን ሰጠኸኝ፤ እግዜር ዕድሜህን ይስጥህ" አሉ። ከዚያ እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ተቀምጠው አገልግሉን ፈቱና ዳቦ ቆርሰው መጀመሪያ ለዘለቀ አጎረሱት።  ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎታች መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላ። ዳቦው እንደማይበቃ ሲታይ ሰው ሁሉ የየራሱን ስንቅ አመጣ።

ሽባባው ያን ትልቁን ቀለበት በድልድዩ አፍ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ያሰረው ጠፍሩን አርሶ፣ በሚያውቀው ቋጠሮ ሁሉ አጥብቆ ነው። ከቋጠሮው በታች ግን ቀለበቱ እንደፈለገ ይዞራል። በዚያ አገር ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ቀለበቱን በጣቱ አንዴ ያዞርና፣ ውለታ ውሎለት ያላመሰገነውን የአንድ ሰው ስም ይጠራል። ቀለበቱን በሰቀለ ቀን ሽባባው እዚያው ብዙ ቆመ። ከዘለቀ ቀጥሎ የጠራቸው ቆዳ ፋቂዎቹን ነበር፤ አንድ ባንድ፣ ከነአባታቸው ስም። ማታውኑ ይቅርታ ላከላቸው ይባላል።

ወዳጆቼ፣ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ሩቅ አይደለም። ማጥበቅ መልካም ነው፤ አምባውን ያቆየው የጠበቀ መቀነት ነው። ነገር ግን ከባድ ነገር የተሸከመ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ገመድ፣ የሚዞርበት ትንሽ ቦታ ካላገኘ ውስጥ ውስጡን ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘም አንድ ቀን ባንዴ ይፈታል። ልጃችሁን፣ ሠራተኛችሁን፣ ራሳችሁንም ስታስሩ ያቺን ቀለበት አትርሱ። ደግሞም ሸክማችን ያለ ችግር ከፍ ባለ ቁጥር "ልብ ገዛን" ከማለታችን በፊት ጎንበስ ብለን ካስማውን እንይ፤ አንድ ሰው ሳይነግረን ቀለበት አግብቶልን ይሆናል።

እናንተስ ዛሬ በድልድዩ አፍ ብትቆሙ፣ ቀለበቱን አዙራችሁ የማንን ስም ትጠራላችሁ? ሰውዬው በሕይወት ካለ፣ ቀለበቱን ሳትጠብቁ ሂዱና እጁን ያዙት።